የጋሽ ዓንዶም ዋይፋይ

ገዳዩ ከሟቹ ኪስ ምንም አልነካም። የጋብቻ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ፣ ስልካቸው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አለ፤ መነጽራቸው ወንበር ሥር ተሰብሮ ወድቋል። የተወሰደው ዋይፋዩ ነው። ከግድግዳው ላይ አራት ሽቦዎች ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ከሥራቸው ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ራውተሩ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

መርማሪ ሠርካዲስ ዓይኗን ከዚያ አራት ማዕዘን ላይ አልነቀለችም። አስከሬኑን ፈርታ ነው ብትባል አትክድም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ሬሳ አይታ ጠግባለች፤ የምታውቀው ሰው ሬሳ ላይ ስትቆም ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አቶ ዓንዶም የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ። በአሜሪካዋ ኦሮራ ከተማ ያለ ሐበሻ ከነአባታቸው ስም አያውቃቸውም፤ ለሁሉም ጋሽ ዓንዶም ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ መስመር ሲቀጥሉ የኖሩ ቴክኒሺያን ናቸው። እዚህም ሱቅ የከፈተ፣ ክሊኒክ የከፈተ፣ ኢንተርኔቱ እምቢ ያለው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። የሠርካዲስ እናት አፓርታማ ውስጥ ዋይፋይ የገጠሙትም እሳቸው ናቸው። እናቷ ካረፉ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠርካዲስ ጋሽ ዓንዶምን አላየቻቸውም።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አለች ፈትለወርቅ። የቢሮው ባለቤት ናት፤ ጥገኝነት ለሚጠይቁ ሰዎች ወረቀት ትተረጉማለች፣ ፎርም ትሞላለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ግን ዳውንታውን ፍርድ ቤት ታስተረጉማለች። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስትመለስ ነው ያየቻቸው። 

«ዛሬ ለምን መጡ?»

«እሑድ ደወሉልኝ። ‹ዋይፋይሽ ላይ አንድ ሰው የጓሮ በር ከፍቶበታል› አሉኝ። ‹የጓሮው በርማ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው› ስላቸው ሳቁብኝ። ራውተሩ ውስጥ ቀዳዳ ትቶ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የኔን ኮምፒውተር እንደራሱ ይከፍታል ማለት ነው ብለው አስረዱኝ። ሠርካዲስ፣ የሰው ሁሉ ፋይል እኮ እዚያ ነው! የሸሸው ሁሉ የት እንደሚኖር እዚያ ተጽፏል።»

«ማን እንደከፈተው ነገሩሽ?»

«አሮጌውን ነቅዬ መዝገቡን ካነበብኩ በኋላ እነግርሻለሁ አሉ። አዲስ ገዝተው መጡ። ቁልፉን ሰጥቻቸው ወጣሁ።»

አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የአዲሱ ራውተር ባዶ ካርቶን ብቻ አለ። ሠርካዲስ ከሌላው ማስረጃ ጋር በከረጢት አስገባችው። ግድግዳው ላይ ለደንበኞች የተለጠፈውን ወረቀትም ፎቶ አነሣችው፤ የዋይፋዩ ስም «ፈትለወርቅ ኦፊስ» ይላል። ጋሽ ዓንዶም የተመቱት በእሳት ማጥፊያ ነው፤ ቀዩ ሲሊንደር በሩ ሥር ተጋድሟል። የቢሮው ካሜራዎች ኢንተርኔቱ ሲነቀል፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ፣ መቅዳት አቁመዋል። ከጎን ያለው ሱቅ ካሜራ ግን ይሠራል። አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ አንድ ወጣት በፊት ለፊት በር ሲገባ፣ አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደግሞ እየሮጠ ሲወጣ አሳይቷል። ያ ወጣት እኩለ ቀን ሳይሞላ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተያዘ።

*

ስሙ ሙኒብ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሽተኞችን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ሠርካዲስ በአማርኛ ስታናግረው ትከሻው ትንሽ ወረደ።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«ሙኒብ፣ የጎረቤቱ ሱቅ ካሜራ አለው።»

አንገቱን ደፋ። ቆይቶ «ገብቼ ነበር» አለ። «ሞተው አገኘኋቸው። ወላሂ እህቴ፣ ሞተው ነበር።»

«እሳት ማጥፊያው ላይ የጣትህ አሻራ አለ።»

«መንገዴ ላይ ወድቆ ነበር፤ አነሣሁት። ከዚያ ነው ደሙን ያየሁት።»

«ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«ፋይሌን ልወስድ። ከዚያ ቢሮ የሰው ፋይል እየወጣ ነው ሲባል ሰማሁ። ተጨቃጭቄ ነበር ከእሳቸው ጋር ባለፈው ሳምንት፣ አልደብቅሽም። ‹ዋይፋዩን የሠራኸው አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ያጋለጥከን› ብዬ አንተ ብያቸዋለሁ።»

«ለምን ስልክ አልደወልክም?»

«የጥገኝነት ኢንተርቪዌ ሦስት ሳምንት ቀረው። አምስት ዓመት ጠብቄ! ሬሳ አጠገብ የቆመ ሰው ስሙ ፖሊስ ጋ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። አለቃዋም ያውቃል፤ ግን እሱ የሚያየው ደም ያለበት ጫማ፣ አሻራና የሮጠ ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሐሙስ በአሥር ሰዓት ክስ ይመሠርታል ብሎ ነገራት። የግድያ ክስ ከተመሠረተ ሙኒብ ነጻ ቢወጣ እንኳ ዓመት ወይ ሁለት ዓመት እስር ቤት ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤ ኢንተርቪውም የለ፣ ወረቀትም የለ። ስትወጣ ሚስቱ ኑሰይባ ጣቢያው መግቢያ ላይ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆማ ነበር።

«ዛሬ ይወጣል?» አለቻት።

«ዛሬ አይወጣም።»

ሠርካዲስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተር ሳታስነሣ ተቀመጠች። ልጁ አልገደለም፤ ይህን ሆዷ ነግሯታል። ግን ደግሞ አንድ ነገር ዋሽቷታል። ሁለቱም እኩል ይታወቃታል፤ በዚህም ምክንያት ሆዷን ማመን ከበዳት።

*

የጋሽ ዓንዶም አፓርታማ በር ላይ ጫማ ተከምሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተብለጽ ሶፋው ጫፍ ላይ ጥቁር ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሠርካዲስ ሰዓት ለማየት ስልኳን ስታወጣ ሳትነካው ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ አገኘችው። «ዓንዶም ቤት» ይላል።

ስሙን ደግማ አነበበችው። ይህን ስም ከእናቷ ሳሎን ሌላ የትም አይታው አታውቅም። እናቷ በታመሙባቸው ወራት ሌሊት ሌሊት ስልኳን ስትከፍት ከላይ በኩል የምታየው እሱን ነበር። ከዚያ ራሷን ወቀሰች፤ ቤቱ የማን ሆነና ነው፣ ሌላ ስም እንዲኖረው የጠበቀችው?

«እትዬ ተብለጽ፣ የሚጣላቸው ሰው ነበር?»

«ዓንዶምን?» አሉ እሳቸው። «ዓንዶም ከሰው አይጣላም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ባለፈው ወር ሳልሕ ብቻ ጮኸበት። እዚሁ፣ በዚህ ስልክ። ‹ይህ አመልህ አንድ ቀን ሰው ያስገድላል› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሳልሕ ማን ነው?»

«ጎማ የሚጠግነው። አርባ ዓመት ጓደኞች ናቸው። ግን እንዲህ ብሎ ጮኸበት።»

ሠርካዲስ ጻፈች። ልትነሣ ስትል አሮጊቷ እጇን ያዟት።

«እናትሽን በጣም ይወዳት ነበር። ‹የሷን ቤት መስመር እኔ በሕይወት እያለሁ አይቆረጥም› ይል ነበር» አሉ።

*

ረቡዕ የሳልሕ ጎማ ቤት ዝግ ነበር። ሠርካዲስ ጊዜዋን እንዳታባክን ካሜራዎቹን የገጠመውን ሰው ልታናግር ሄደች፤ ምናልባት የሆነ ቦታ የተቀዳ ነገር ይኖር ይሆናል ብላ። ምናሉ ይባላል። ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የድሮው ኤርፖርት ማማ በሚታይበት ጥግ፣ ሚስራ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ላፕቶፑን ዘርግቶ አገኘችው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጢሙ በሥርዓት የተላጨ፣ ሲናገር ዓይን የሚያይ ሰው ነው።

«ኢንተርኔት ሲጠፋ ካሜራው ምንም አይቀዳም፣ እህቴ። ሜሞሪ ካርድ ይግባበት ብዬ ነበር፤ ይቅር ተባለ። ያሳዝናል። ጋሽ ዓንዶም ትልቅ ሰው ነበሩ።»

«ለሥርዓቱ ያህል፣ ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ» ብሎ ሳቀ። «ማክሰኞ ኮርስ አለኝ፣ ኦንላይን። ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ተኩል።» ሳትጠይቀው ታብሌቱን አውጥቶ ከፈተላት። «ይኸው። ገባሁ፣ ተቋረጠ፣ ገባሁ፣ ተቋረጠ። የሚስራ ኮኔክሽን እንዲህ ነው።»

አየችው። ሦስት ተኩል ላይ ገብቷል። አራት ከዘጠኝ ላይ ተቋርጧል፤ አራት ከሃያ ሰባት ላይ ተመልሷል፤ አራት ከአርባ አንድ ላይ ተቋርጧል፤ አምስት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተመልሶ እስከ መጨረሻው ቆይቷል። በየመስመሩ አጠገብ የዋይፋዩ ስም አለ። «ዓንዶም ቤት፣ ዓንዶም ቤት፣ ዓንዶም ቤት።»

ሠርካዲስ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የሷም ስልክ ተገናኝቷል። ማንም ፓስወርድ አልሰጣት፣ እሷም አልጠየቀች።  ሰውዬው ሬሳ ማቆያ ፍሪጅ ውስጥ ተኝተው፣ እዚህ ደግሞ በገባችበት ሁሉ ቀድመው ይቀበሏታል።

«የዋይፋያችሁ ስም ይህ ነው?» አለቻት ሚስራን።

«አዎ፣ ስንከፍት ጋሽ ዓንዶም ናቸው የገጠሙልን።»

«ምናሉ ማክሰኞ እዚህ ነበር?»

«ማክሰኞ ሁልጊዜ እዚህ ነው። ጠዋት ሻይ ሰጠሁት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሒሳብ ከፈለ። መሀሉን እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።»

ምናሉ ታብሌቱን ወደሷ ገፋው። «ጥርጣሬ እንዳይኖርሽ ውሰጂው፣ ኮፒ አድርጊው። የምደብቀው የለኝም።»

ወሰደችው። የሚደብቅ ሰው እንዲህ አይሰጥም ብላ ነው። በዚያው ቀን የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ውስጡን ሙሉ ገልብጦ ታብሌቱን መለሰለት። ማታ ላይ የሐኪሙ ሪፖርት መጣ፤ አቶ ዓንዶም ከተመቱ በኋላ ወዲያው አልሞቱም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተዋል ይላል። ሠርካዲስ ያችን መስመር ሁለቴ አንብባ ሪፖርቱን አጠፈችው።

*

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳልሕ ጎማ ቤታቸውን ሲከፍቱ ሠርካዲስ በሩ ላይ ነበረች። ሽበታም፣ አጭር፣ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ያበጠው በለቅሶ መሆኑ ያስታውቃል።

«አቶ ሳልሕ፣ ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚህ። አራት ሰው ይመሰክራል። አራቱም ጎማ አስቀይረው ደረሰኝ ይዘው ነው የሄዱት። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ጋሽ ዓንዶምን ‹አመልህ ሰው ያስገድላል› ብለዋቸዋል።»

ሽማግሌው የያዙትን የጎማ መፍቻ ብረት አስቀመጡ። «ብያለሁ። አስገደለስ? እሱን አስገደለው?»

«የትኛው አመል?»

«ስልክሽን አውጪ» አሏት።

አወጣች። «ዓንዶም ቤት»። በዚህ ጎማና ግሪስ በሚሸት ጋራዥ ውስጥም ከላይ በኩል ተቀምጧል። ስልኩን ልትጥለው ምንም አልቀራትም።

«አየሽ? የሱን ፓስወርድ አንዴ ያገኘ ሰው የትም ይገባል። ጎማ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ የሕፃናት ሐኪሟ ጋ፤ የገጠመው ሁሉ ስሙ አንድ፣ ፓስወርዱ አንድ። ‹ዓንዶም፣ ይህ ደግ መሆን አይደለም፣ ለሌባ አንድ ቁልፍ ሠርቶ መስጠት ነው› አልኩት። ሰደበኝ።»

«ለምን እንዲህ ያደርጉ ነበር?»

ሳልሕ ጎማ ላይ ተቀመጡ። «በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራዊ ነህ ብለው ከአዲስ አበባ ሲያባርሩት፣ ተብለጽ ለዘመድ ሠርግ ደሴ ነበረች። ሲወስዱት ጎረቤት በር ላይ አቁመውት ነበር አሉ። ‹ለሚስቴ አንድ ጊዜ ልደውል› ብሎ አራት በር አንኳኳ። የአራቱንም ቤት ስልክ የቀጠለው ራሱ ነው። አንድም ሰው አልከፈተለት። የት እንደደረሰ ሳታውቅ ሁለት ዓመት ጥቁር ለብሳ ኖራለች። ከዚያ ወዲያ እሱ በሠራው ቤት ሰው መስመር እንዲለምን አይፈልግም። አዲስ ራውተር ሲያወጣ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ያን ነው፤ ስሙን ይሰጠዋል፣ ፓስወርዱን ይሰጠዋል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።»

ሠርካዲስ ቆመች። ከሁሉ በፊት።

«አቶ ሳልሕ፣ ማክሰኞ ጠዋት ለፈትለወርቅ አዲስ ራውተር አውጥተው ከሆነ፣ የዚያ ስም ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል ትያለሽ? ዓንዶም ቤት ነዋ!»

«እንግዲያ ስሙ አንድ ከሆነ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዴት ይለያል?»

«መኪና በምን ትለያለች? ሁለት ነጭ ቶዮታ ቢቆም የሻንሲ ቁጥር አለው። ራውተርም የራሱ ቁጥር አለው። ከሥሩ ይለጠፋል፤ ካርቶኑም ላይ አለ።»

እንዴት ከዚያ ግቢ እንደወጣች አታስታውስም። በኋላ ስታስበው፣ ለሳልሕ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለቻቸውም።

*

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የኮምፒውተር ባለሙያው ከታብሌቱ የገለበጠውን መዝገብ ከፈተ። ታብሌት ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ስሙን ብቻ ሳይሆን የራውተሩንም ቁጥር ይይዛል። ሠርካዲስ ባዶውን ካርቶን ከከረጢቱ ጋር ይዛ፣ የተለጠፈችበትን ትንሽ ወረቀት መጨረሻ ታነባለች።

«ሰባት፣ ሲ፣ ዜሮ፣ አራት።»

«ሦስት ተኩል ላይ የተገናኘው ሌላ ነው» አለ ባለሙያው። «የምግብ ቤቱ መሆን አለበት። አራት ከሃያ ሰባት ላይ…» ጣቱን አወረደ። «ሰባት፣ ሲ፣ ዜሮ፣ አራት።»



ታብሌቱ ከአራት ከሃያ ሰባት እስከ አራት ከአርባ አንድ፣ አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ፣ ከፈትለወርቅ ቢሮ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ምናሉ ቦርሳው ውስጥ ከነኮርሱ ይዞት ገብቶ፣ ታብሌቱ ሳይነግረው ራሱን አገናኘ። አራት ከአርባ አንድ ላይ የተቋረጠው ደግሞ ራውተሩ ከግድግዳው ሲነቀል ነው። በጓሮው መንገድ ስለመጣ የጎረቤት ካሜራ አላየውም።

የቀረው ለምን የሚለው ነው። ያም ስምንት ሰዓት ላይ በኢሜይል መጣ። ኮርሱን የሚያስተምረው ድርጅት የተማሪዎች መቆጣጠሪያ ላከላት፤ ሚስታቸውን ለደበደቡ ወንዶች ፍርድ ቤት የሚያዘው ትምህርት ነው። አንድ ቀን የቀረ፣ ዳኛው ጋ ይጻፍበታል። ሠርካዲስ ለፈትለወርቅ ደወለች።

«ምናሉ ከሚባል ባል የሸሸች ደንበኛ አለችሽ?»

 «ከባሏ የሸሸች ቅሳነት ብቻ ናት» አለች ፈትለወርቅ። «ግን ባሏን ስሙን ጠርታው አታውቅም። ‹ያ ሰው› ነው የምትለው። ወረቀቷ ላይም የጻፍነው በኦፊሴላዊ ስሙ ነው፣ ምናሉ አይልም… ወይኔ! ካሜራውን በራሴ እጅ አስገጠምኩት! የዋይፋዩን ስምም ያኔ እሱ ነው የቀየረው!»

*

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ምናሉ ከፊቷ ተቀመጠ። ሲገባ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ማክሰኞ አራት ከሃያ ሰባት ላይ የት ነበርክ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሚስራ ጋ። ታብሌቱን አይተሽዋል።»

«አይቼዋለሁ። የዋይፋዩ ስም አንድ ነው። ራውተሩ ግን ሌላ ነው።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጋሽ ዓንዶም ይህን ሲያወጡ መጀመሪያ የሰጡት ስማቸውን ነው። ፓስወርዳቸውን ታብሌትህ ያውቀዋል። አንተ ስትገባ እሱም አብሮህ ገባ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ።

«የከፈትከው የጓሮ በር አራት ሰዓት ላይ ስልክህ ላይ ተዘጋብህ። ፈትለወርቅ ማክሰኞ እንደማትኖር ታውቃለህ። አሮጌውን ራውተር ልትወስድ ሄድክ፤ መዝገቡ ውስጥ የአንተ ዱካ አለ። እሳቸው እዚያ እንደሚሆኑ አልጠበቅክም።»

«ማወቅ መብቴ ነው» አለ ምናሉ። ድምፁ ቀጭን ሆኗል። «ሚስቴ ናት። የት እንዳለች ማወቅ መብቴ ነው። ሽማግሌው ምን አገባው? ‹ከበሩ ውጣ፣ ልጄ› ይለኛል። ልጄ!»

የምናሉ የሥራ ቫን ሲፈተሽ አሮጌው ራውተር መሰላል ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። አዲሱን የት እንደጣለው፣ የቢሮውንም የጓሮ በር ካሜራ ሲገጥም ባስቀረው ቁልፍ እንደከፈተው ኋላ ነገራቸው። መዝገቡ ሲነበብ ለወር ያህል የፈትለወርቅን ፋይሎች አንድ በአንድ ሲበረብር እንደነበር ታወቀ። የቅሳነትን ገና አልደረሰበትም ነበር። ጋሽ ዓንዶም ቀድመውት ዘጉበት።

ሠርካዲስ አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ገባች።

*

ሙኒብ ማታውኑ ተለቀቀ። ኑሰይባ መኪናዋን እስክታመጣ ድረስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከሠርካዲስ ጋር ቆመ። ደስ ያለው ሰው አይመስልም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አልሞቱም ነበር።» ወደ መንገዱ እያየ ነው የሚናገረው። «ስገባ ዓይናቸው ክፍት ነው። ተንበረከክኩ። እጄን ያዙኝ። በትግርኛ የሆነ ነገር አሉ፤ አልገባኝም። ከዚያ በአማርኛ ‹አትሂድ› አሉኝ። እሺ አልኳቸው።» እጁን ኪሱ ከተተ። «እሺ አልኳቸውና ሄድኩ።»

ሠርካዲስ ማስታወሻዋን አወጣች።

«ብደውል ይተርፉ ነበር?»

«አላውቅም» አለችው። ሐኪሙም ያላት ይህንኑ ነው። የሚያጽናና ቃል ፈለገች፤ ግን ያገኘችው ሁሉ ውሸት ነበር። «ለእኔ የነገርከኝን ቃልህ ላይ እንጨምረዋለን። ለእትዬ ተብለጽ መንገር አለመንገር ግን ያንተ ነው። እኔ አልነግርልህም።»

ሙኒብ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጣ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል፤ ሳልሕ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሚስራም አለች። ወይዘሮ ተብለጽ ሙኒብን ሲያዩ ተነሡ። «በግፍ የታሰርክ ልጅ» ብለው አቀፉት፤ ግንባሩን ሳሙት፤ መረቁት። ሠርካዲስ በር ላይ ቆማ ነበርና ምርቃቱ ፊቱን ሲያጠቁረው አየች። ዞሮ የሚወጣ መሰላት።

አልወጣም። እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ወሬ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«በትግርኛ ምን አለህ?» አሉ ወይዘሮ ተብለጽ።

«አላወቅኩትም፣ እማማ። ‹ማይ› ያሉ መሰለኝ። ‹ማይ፣ ማይ።›»

ሳልሕ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ወይዘሮ ተብለጽ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ውሃ ነው» አሉት። «ውሃ ጠይቆህ ነው።»

ሙኒብ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ማንም አላባበለውም። አሮጊቷ ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቁት።

«የትኛውን እጅህን ነው የያዘህ?»

ቀኝ እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ ተብለጽ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አገላብጠው አዩት። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ሙኒብ አንድ ጊዜ ሊያስለቅቅ ሞከረ። አልለቀቁትም።